ሥሩ የሚሸጥ አበባ፦ የቀበርቾ ታሪክ

የታሪክ ንግግር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው የነገሥታት ዜና፥ የጦርነት ወሬ፥ ወይም የከተሞች አመሠራረት ነው። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ በሁላችን ቤት ስሙ ስለሚታወቅ፥ ታሪኩን ግን ጠይቀነው ስለማናውቅ ስለ አንድ የዱር ተክል ነው፤ ይኸውም ቀበርቾ ነው።

ነገሩን እንዳነሣው ያደረገኝ አንድ ቀን በመካኒሳ አቦ ያየሁት ነው። መካኒሳ የሚለው ቃል የኦሮምኛ ሲሆን ባማርኛ ብሳና የምንለው ዛፍ ስም ነው፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዛፍ ነው ይባላል። ዛሬ በሰፈሩ ውስጥ የሚታየው ፎቅና የመኪና መንገድ ስለ ሆነ ስሙን ያወጣለትን ዛፍ ለማየት የሚሻ ሰው ብዙ መፈለግ ይኖርበታል። ዛፉ ሲሄድ ስሙ ቀርቷል ማለት ነው።

ወር በገባ በ5ኛው ቀን፥ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መታሰቢያ ስለ ሆነ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በሰው ይሞላል። በመንገዱ ዳር ጧፍ፥ ሻማ፥ ዕጣንና ከርቤ የሚሸጡ ሴቶች ይቀመጣሉ። ከነሱም መካከል አንዲት አሮጊት በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ቀበርቾ መደብ መደብ አድርገው ተቀምጠው አየሁ። እኔም ለቤቴ ልገዛ ጎንበስ ብዬ አንዱን ባነሣው ከጣቴ የማይወፍር ሆኖ ስላገኘሁት፥

«እማማ፥ ይህ ቀበርቾ እንዲህ የቀጠነው ስለ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ ወፍራሙማ አለቀ» አሉኝ። «በኛ ጊዜ አንዱ ሥር እየተከፈለ ለብዙ ቤት ይበቃ ነበር። ያን ጊዜ ትልቁን ቆፈሩ፤ አሁን ደግሞ ልጁን ይቆፍራሉ። እኔማ ያመጡልኝን እሸጣለሁ።»

እኒህ እናት በጥቂት ቃል የተናገሩት ነገር የዕፅዋት ሊቃውንት በብዙ ገጽ ከጻፉት ጋር አንድ ነው። የዛሬው ንግግሬም የሴትዮይቱን ቃል ከመተርጐም አያልፍም።

ቀበርቾ ምንድን ነው? በከተማ ያደገ ሰው የሚያውቀው በገል ላይ በፍም ሲጨስ ብቻ ስለ ሆነ ሥር እንጂ አበባ ያለው አይመስለውም። ቀበርቾ ግን ባገራችን ከፍተኛ ቦታዎች በዱር የሚበቅል፥ ቅጠሉ እሾሃም፥ አበባውም እንደ ኳስ ክብ የሆነ ተክል ነው። ወገኑ ከኑግና ከሱፍ ጋር ሲሆን መልኩ ኮሸሽላ ከምንለው ተክል ጋር ይመሳሰላል። ግንዱና ቅጠሉ ከመሬት በላይ ይታይ እንጂ ሀብቱ ሁሉ ከመሬት በታች ባለው ወፍራምና ሽታው በጣፈጠው ሥሩ ላይ ነው። ይህም ተክል ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር በቅሎ አልተገኘም።

የሳይንስ ስሙም ታሪክ አለው። የውጭ አገር መንገደኞች ያገራችንን ዕፅዋት መሰብሰብና መሰየም ከዠመሩ ብዙ ዘመን ያለፈ ሲሆን ቀበርቾ ግን ራሱን የቻለ ዘር መሆኑ በሳይንስ ጽሑፍ ተለይቶ የታወቀው ገና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ይህንንም ያደረጉት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ ዶክተር መስፍን ታደሰ ናቸው። የመጀመሪያው ስሙ ኤኪኖፕስ የግሪክ ቃል ሲሆን ጃርት የሚመስል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ስሙ ግን ሕዝቡ የሚጠራበት ቀበርቾ የሚለው ቃል ራሱ ነው። በዓለም የሳይንስ መዝገብ ላይ ባገሩ ሰው አፍ በሚጠራበት ስም መጻፉ ክብር ነው። የሚያሳዝነው ግን ሳይንስ ስሙን በመዘገበበት ዘመን ተክሉ ከየተራራው እየተመናመነ መሄዱ ነው።

ሕዝቡ ቀበርቾን የሚፈልግበት ምክንያት ብዙ ነው። አራስ ባለችበት ቤት ይጨሳል፤ ክረምት ሲገባ ለራስ ምታት፥ ለሳልና ለብርድ ይታጠናል፤ እባብና ትንኝ ያርቃል ይባላል፤ ክፉ መንፈስና ቡዳ የሚፈራውም ሰው ከደጁ አይለየውም። ከነዚህ ውስጥ የትኛው በሙከራ የተረጋገጠ፥ የትኛው በልማድ የሚታመን እንደ ሆነ መለየት የሐኪሞች ፋንታ ነው። ለዛሬው ነገራችን የሚበቃው ፈላጊው ብዙ መሆኑን ማወቅ ነው።

እንግዲህ አድማጮቼ፥ የነገሩን ሥር ለመረዳት አንድ ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ያገራችን መድኃኒት ሁሉ የሚወሰደው በአንድ መንገድ አይደለም። ዳማከሴና ጤና አዳም ቅጠላቸው ይቀነጠሳል፤ በማግሥቱ ሌላ ቅጠል ያወጣሉ። አባቶቻችን ለትል የሚጠጡት የኮሶ አበባ ከዛፉ ላይ ይለቀማል፤ ዛፉም ካልተቈረጠ በቀር በሚመጣው ዓመት ደግሞ ያብባል። የቀበርቾ ዕቃ ግን ሥሩ ነው። ሥሩ ሲወጣ ተክሉ ይሞታል፤ ዘሩን ሳይበትን ከተቆፈረም ልጅ ሳይተካ ይሞታል። ከዘር የበቀለው ሥር ደግሞ ለገበያ የሚበቃ እስኪሆን ዓመታት ያስፈልጉታል። ስለዚህ ቅጠል የሚሸጥ ሰው ፍሬውን እንደሚሸጥ ገበሬ ነው፤ ሥር የሚሸጥ ሰው ግን ላሚቱን አርዶ ወተት እንደሚሸጥ ሰው ነው።

ከዱር ተክል ሰብስቦ መውሰድ ባገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በገባ ጊዜ ያገራችንን ዛፍና አበባ እያሣለ ዘሩንም እየያዘ ተመልሷል፤ ስለ ኮሶ በሰፊው ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አውሮጳውያን አንዱ እሱ ነው። ቪልሄልም ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊም በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጥቶ በትግራይና በሰሜን ተራሮች ዕፅዋት እየለቀመ፥ በወረቀት መካከል እያደረቀ ወደ አውሮጳ ሲልክ ኖሮ በዚሁ ባገራችን በ1878 እ.ኤ.አ. ሞተ። እንደዚሁም ካርቲን ዲሎንና ፔቲ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ለዚሁ ሥራ መጥተው ነበር፤ የመጀመሪያው በ1840 እ.ኤ.አ. በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ፤ ሁለተኛውንም በ1843 እ.ኤ.አ. ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደርሶ አሺል ሪሻር የተባለው ሊቅ ከ1847 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት በተጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

በዚሁ መጽሐፍ ስማቸው ከወጣላቸው ተክሎች መካከል አንዱ ድንገተኛ የምንለው ነው። ድንገተኛም እንደ ቀበርቾ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፥ ቀጭን ቅርንጫፍ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ሥሩ በትንንሽ እስር ታስሮ በመርካቶ ይሸጣል፤ በድንገት ሆዱን የቈረጠው ወይም ትኩሳት የያዘው ሰው አኝኮ ውሃውን ይውጣል። ይህም ልማድ ከንቱ አለመሆኑን በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አመልክቷል፤ የሥሩ ውሃ በእንስሳት አንጀት ላይ ሲሞከር የአንጀትን መኮማተር እንደሚያላላ ታይቷልና። ነገር ግን ድንገተኛ በዱር እጅግ ብርቅ ከሆኑት፥ ከመጥፋትም ከሚያሰጉት ያገር ተክሎች መካከል ተቈጥሯል። ለዚህ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱም ያው ሥሩን መቆፈር ነው። ስለዚህ ድንገተኛ ዛሬ የደረሰበት ቦታ ቀበርቾ ነገ ሊደርስበት የሚችል ነው።

እነዚያ የጥንት መንገደኞች ተክሉን ያለ ማንም ፈቃድ ወሰዱ ቢባል እውነት ነው፤ ዘርና ዕውቀት ካገር ሲወጣ ላገሩ የተረፈው ጥቂት ነው። ነገር ግን በወረቀት መካከል የደረቀች አንዲት ቅርንጫፍ ተራራውን አላራቈተችም። ተራራውን የሚያራቍተው በጆንያ የሚጫነው ነው።

ቀድሞ ቀበርቾን የሚቆፍረው መድኃኒት ዐዋቂው ወይም የቤቱ ባለቤት ነበረ። የሚወስደው ለታመመ ሰው የሚበቃውን ነው፤ ቦታውንም ስለሚያውቀው ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዲያገኝ ያስቀርለታል። በኋላ ግን መንገድ ተሠራ፥ መኪና ገባ፥ ከተማው ሰፋ፤ የከተማውም ሰው ቀበርቾውን በገንዘብ የሚገዛ ሆነ። ያን ጊዜ ቆፋሪውና ታማሚው ተለያዩ። ቆፋሪው ሥሩ ለማን እንደሚውል አያውቅም፤ የሚያውቀው ነጋዴው በጆንያው ልክ እንደሚከፍለው ነው። ዛሬ እኔ አልቆፍርም ቢል ነገ ሌላው ይቆፍረዋል ብሎ ስለሚያስብ ትልቁንም ትንሹንም ይነቅላል። ይህንን ስናገር በቆፋሪው ላይ ብቻ ለመፍረድ አይደለም። ብዙ ጊዜ መሬት የጠበበው፥ ለልጁ ደብተር የሚገዛበት ሌላ ገንዘብ የሌለው ሰው ነው። ደግሞም ተክሉን የሚጎዳው ቁፋሮ ብቻ አይደለም፤ ዱሩ ታርሶ እርሻ መሆኑ፥ የከብት ግጦሽና የባሕር ዛፍ መስፋፋትም መኖሪያውን አጥብበውበታል። በጠበበው ቦታ ላይ ቁፋሮው ሲጨመር ግን የመጨረሻው ምት እሱ ይሆናል።

ይህ ነገር በዓለም ታሪክ የመጀመሪያው አይደለም። በወንጌል የጌታን መስቀል የተሸከመው የስምዖን አገር ቀሬና፥ ዛሬ ሊቢያ በምንለው አገር ያለች የጥንት ከተማ ነበረች። የቀሬና ሀብት ሲልፊዮን የሚባል የዱር ተክል ነበረ፤ ከሥሩና ከግንዱ የሚወጣው ሙጫ ለመድኃኒትና ለወጥ ማጣፈጫ ይፈለግ ስለ ነበረ ከተማይቱ የተክሉን ሥዕል በገንዘቧ ላይ ታትም ነበር። የግሪክ ፈላስፋ ቴዎፍራስጦስ ስለዚህ ተክል ሲጽፍ በታረሰ መሬት ላይ የማይበቅል መሆኑን፥ ሥሩንም ለመቍረጥ እንደ ማዕድን ሥራ ሁሉ የተወሰነ መጠንና ሕግ እንደ ነበረው ይናገራል። ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ሲጽፍ ግን ተክሉ አልቋል፤ ግጦሹን የተከራዩት ሰዎች ትርፍ ይበልጣል ብለው ከብት ለቀውበታልና። በሱ ዘመን የተገኘችው አንዲት ግንድ ብቻ ነበረች፤ እሷም እንደ ብርቅ ለንጉሡ ለኔሮን ተላከች ይላል። አስተውሉ፥ ቀሬናዎች ሕግ አልጐደላቸውም ነበር፤ የጐደላቸው ሕጉን እስከ መጨረሻው የሚጠብቅ ሰው ነው።

በቅርቡም ዘመን በእንግሊዝ አገር የወይዘሮ ጫማ የሚባለው የዱር ኦርኪድ አበባው ስላማረ ሰብሳቢዎች እየነቀሉ ጨረሱት። ፈጽሞ ጠፋ ከተባለ በኋላ በ1930 እ.ኤ.አ. በዮርክሺር አንዲት ብቻ ተገኘች፤ ቦታዋም በምስጢር ተይዞ ለብዙ ዓመታት በዘበኛ ተጠበቀች። ኋላም ከሷ ዘር በቤተ ሙከራ ችግኝ ተፈልቶ ወደ ዱር ተመልሷል። አንዲት ተክል እንኳ ብትቀር ተስፋ አለ ማለት ነው፤ ነገር ግን እስከ አንዲት ድረስ መጠበቅ ብልህነት አይደለም።

ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፥ ዋንዛን፥ ዝግባንና ጽድን በስም እየጠራ ከተፈጥሮ ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ ኋላ በሌሎች ተተክቶ ዛሬ የሚሠራበት በ2010 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 1065 ነው። ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. የገባችበት፥ ለመጥፋት በተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ የተደረገው የዓለም ስምምነትም ኦርኪዶችን ሁሉና ከአንዱ በቀር የሬት ዓይነቶችን ሁሉ ይጠብቃል። ከዚህም በላይ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ያገራችንን የዘር ሀብት ያለ ፈቃድ መውሰድንና ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል፤ ተክሉ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል።

እንግዲህ በነዚህ መካከል ቀበርቾን ፈልጉት። እንደ ኮሶና እንደ ዝግባ በስሙ አልተጠራም፤ ዛፍ አይደለምና። በዓለሙ ስምምነትም ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ገበያው በአብዛኛው ያገር ውስጥ ነውና። የ1998 ዓ.ም. አዋጅ ደግሞ ያገሬው ሕዝብ እንደ ልማዱ እርስ በርሱ የሚጠቀምበትንና የሚለዋወጠውን አይነካም። ይህም ተገቢ ነው፤ በመካኒሳ አቦ መንገድ ዳር የተቀመጡትን እናት ወንጀለኛ የሚያደርግ ሕግ ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ለእፍኝ በተተወው ቀዳዳ ጆንያ ያልፍበታል። ከተከለለ ደን ሌሊት የተቆፈረው ሥርና ከገበሬው አጥር ሥር የወጣው ሥር አንድ ጊዜ በጆንያ ከተቀላቀሉ በኋላ ኬላ ላይ የቆመ ሠራተኛ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዕውቀቱ የለንም ማለት አንችልም። ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ያገራችን ሊቃውንት ከስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎችም ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ወደ 6000 የሚጠጉ ያገሪቱን ዕፅዋት በመጽሐፍ መዝግበዋል፤ ከነዚህም ከአሥሩ አንዱ ገደማ በሌላ አገር የማይገኝ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የዕፅዋት ዘር ማእከል ሆኖ የተመሠረተውና ዛሬ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ዘር ያከማቻል። በከተማችን ሰሜን የጉለሌ የዕፅዋት ማእከል አለ፤ በወንዶ ገነትም የመድኃኒት ተክሎች ምርምር ይደረጋል። የሚቀረው ነገር ቀበርቾን ከዱር ወደ ጓሮ ማምጣት ነው። ገበሬው ዘሩን አግኝቶ በማሳው ዳር ተክሎ በዓመቱ ልክ እያፈራረቀ የሚቆፍር ከሆነ፥ ለከተማው ሰው ጢሱ፥ ለገበሬው ገንዘቡ፥ ለተራራውም አበባው ይተርፋል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሥሩ በአንድ ክረምት አይወፍርምና።

ለመጠበቅም ምሳሌ የሚሆን ባገራችን አለ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕላቸው ላይ አንበሳና ነብር ከበዋቸው እንደሚታዩ ሁላችን እናውቃለን። በስማቸው የሚጠራው ገዳም ባለበት በዝቋላ ተራራ ላይ፥ ዙሪያው ሁሉ ሲታረስ መነኮሳቱ ደኑን ጠብቀው ኖረዋል። በየገጠሩም ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ከሌላው ቦታ የጠፋ ዛፍና ሐረግ ተርፎ ይገኛል። በነዚያ ስፍራዎች ደኑን ያቆየው የጽሑፍ ሕግ አይደለም፤ ይህ ቦታ አይነካም ብሎ የሚያምን ሕዝብ ነው። በመካኒሳም ሆነ በሌላ ሰፈር፥ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ በትምህርት ቤት ዙሪያ፥ ጥቂት ብሳናና ጥቂት ቀበርቾ ለመትከል ብዙ መሬት አያስፈልግም።

ክቡራን አድማጮች፥ ብዙዎቻችን የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆንን በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ እንጠየቃለን። አንደኛው በጽሕፈት ቤታችን ነው። በደን፥ በጉምሩክ፥ በንግድ ፈቃድ ወይም በኬላ የምንሠራ ሰዎች ስለ ጣውላና ስለ ከሰል የምንጠይቀውን ያህል ስለ ሥር ጆንያም ብንጠይቅ፥ ከየት እንደ መጣ የሚገልጽ ወረቀት ብንሻ፥ ሕጉ የጐደለውን ነገር ለበላይ ብናስታውቅ ግዴታችንን ፈጸምን እንጂ ከልክ አላለፍንም። ሁለተኛው በቤታችን ነው። ቀበርቾውን የሚገዛው እኛው ነንና። የቀጠነ ሥር ሲቀርብልን ገና ያልደረሰ መሆኑን አውቀን ብንተወው፥ የሚበቃንን ብቻ ብንገዛ፥ የተተከለውን ከዱሩ ለይቶ የሚያቀርብ ሰው ሲገኝ ጥቂት ብንጨምርለት፥ ወሬው ከገበያ እስከ ቆፋሪው ድረስ ይደርሳል። ነጋዴ የሚሰማው የገዢውን ቃል ነው።

እኔ በዚያን ቀን ከእናቲቱ ዘንድ ዕጣን ገዝቼ ቀበርቾውን መልሼ አስቀመጥኩት። እሳቸውም አልተቀየሙኝም። «ደግ አደረግህ፤ እስኪያድግ ቢተዉት እኔም በሸጥኩት» አሉኝ። ከዚያም ወደ መንገዱ ወጥቼ የታክሲ ረዳቱ «መካኒሳ! መካኒሳ!» እያለ ሲጠራ ሰማሁ። ከሚሳፈረው ሰው መካከል ስሙ የዛፍ ስም መሆኑን የሚያስበው ጥቂት ነው። ብሳና በሌላው ስፍራ ስላለ የዚህ ሰፈር ብሳና ቢጠፋ ዘሩ አልጠፋም። የቀበርቾ ግን አገሩ ይህችው ኢትዮጵያ ብቻ ስለ ሆነች፥ ከዚህ ከጠፋ ስሙ በሳይንስ መዝገብ ላይ ተጽፎ ሲቀር እሱን ተክሎ የሚመልስልን ሌላ አገር አናገኝም።